የማር ወፍና ስድስቱ መንጋዎች

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ነገሩ የጥንት አይደለም፤ አብዛኞቻችሁ በዓይናችሁ ያያችሁት ነው። በአንድ ሐይቅ ዳር አንድ ትልቅ ቀፎ ተሰቅሎ ነበር። ርዝመቱ ለጉድ ነው፤ በአንዱ አፉ ክረምት ሲሆን በሌላው አፉ በጋ ነበር ይላሉ። ሃምሳ ስድስት ዓይነት ንብ ይኖርበታል። ሁሉም የየራሱ ቋንቋ፣ የየራሱ ጭፈራ፣ የየራሱ የሚቀስመው አበባ አለው።

ቀፎው ከመነሻው አንድ አልነበረም። በ1984 ዓ.ም. አገሩ በአዲስ መልክ ሲሸነሸን በዚያ በኩል የተሰቀሉት ቀፎዎች አምስት ነበሩ፤ 7፣ 8፣ 9፣ 10 እና 11 የሚል ቁጥር ተጽፎባቸዋል። የቦንጋ ንቦች የነበሩት በ11ኛው ነው። ቁጥሩን ያዙልኝ። ብዙም ሳይቆይ አምስቱም በአንድ ጠፍር ተጠፍረው አንድ ቀፎ ሆነው ተገኙ። ማን ጠፈራቸው? ንቦቹን ብትጠይቁ «እኛ አበባ ላይ ነበርን» ይሏችኋል።

ትልቅ ቀፎ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ብዙ ሆኖ መናደፍ ያስፈራል፤ ትንሹም መንጋ በትልቁ ጥላ ሥር ይከለላል። ችግሩ በሩ ሩቅ መሆኑ ነበር።

የቦንጋን ንብ ውሰዱ። ያለችበት ጫካ ቡና ማንም ሳይተክለው የሚበቅልበት፣ ኮረሪማና ጥምዝ ከዛፍ ሥር የሚለቀምበት፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በሕያው ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው ነው። ገተም ሲያብብ ማሯ ይነጣል፤ ብሳና ሲያብብ መልኩን ይለውጣል። አበባ አልጎደላትም። ግን የቀፎዋ ክዳን ቢቀደድ፣ የመንገድ ዳር ዛፏ ቢቆረጥባት፣ ከጎረቤት መንጋ ጋር ብትጣላ፣ አቤት ለማለት ጎጀብን ተሻግራ፣ ጅማን አልፋ፣ በትልቁ ከተማ ዞራ፣ ስምጥ ሸለቆውን ይዛ ወደ ሐይቁ መብረር ነበረባት። ደርሳ በር ላይ ስትቆም ዘበኛዋ ንብ ቀና ሳትል «አውራዋ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሰኞ ተመለሽ» ትላታለች። ሰኞ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ዘበኛዋ አታውቅም፤ ማወቅም ሥራዋ አልነበረም።

እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። ከዚያ ሐይቁ ዳር የሚኖረው መንጋ ተነሣና «ዛፉም የእኔ፣ ሐይቁም የእኔ፤ የራሴን ቀፎ እሰቅላለሁ» አለ። ኅዳር 2012 ድምፁን ሰጠ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሲዳማ የአገሩ አሥረኛ ቀፎ ሆነ። ቀሪዎቹ መንጋዎች አንድ ጠዋት ሲነቁ ቀፏቸው በሰው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ አገኙት።

አያ የማር ወፍ የመጣው ያኔ ነው።

የማር ወፍን ደን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ሲያይ እየጮኸ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ የሚከተለውን ሰው እስከ ንቡ ጎሬ ድረስ ያደርሰዋል። ሰውየው ማሩን ቆርጦ ሲሄድ እሱ ሰሙን ይለቅማል። ያን ቀን ከሾላው ላይ ቁጭ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና «እህቶቼ!» አለ። «እስከ መቼ? ማሩ የእናንተ፣ ድካሙ የእናንተ፣ በሩ ግን የሌላ! ቀረብ ያለ ቀፎ ይኑራችሁ። እኔ ለራሴ አንዲት ጠብታ ማር አልፈልግም፤ በአባቴ አጥንት!»

እውነቱን ነው፤ ማር አይፈልግም። ስለ ሰሙ ግን የጠየቀው አልነበረም።

ጥያቄው የእሱ ፈጠራ ነው ማለቴ አይደለም። ክንፏ የዛለ ንብ መዛሏን የሚነግራት አያስፈልጋትም። የቦንጋ ንብ ብቻዋን የራሷን ቀፎ ልትሰቅል ገና በ2011 ዓ.ም. በጉባኤዋ ወስና ጠይቃ ነበር። የማር ወፉ ያደረገው በተጠራቀመ ድካም ላይ የራሱን ድምፅ መጨመር ነው፤ በዚህም ከሰው ፖለቲከኛ አይለይም።

«ብቻሽን አይሰጡሽም» አሏት ሽማግሌዎች። «ጎረቤቶችሽን ይዘሽ ነይ።»

ስለዚህ ስድስቱ በአንድ ግዙፍ ቀረሮ ሥር ተሰበሰቡ። የቦንጋ ንብ መጣች፤ ከሸካ ደን የማሻ ንብ፣ ከቤንች ሸኮ የሚዛን ንብ፣ ከዳውሮ የተርጫ ንብ፣ ከኮንታ የአመያ ንብ መጡ። ከሁሉም ዘግይታ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ከምዕራብ ኦሞ የማጂ ንብ ደረሰች። «ይቅርታ፤ መንገዱ ነው» አለች። ሁሉም ሳቁ። ይህን ሳቅ ልብ በሉልኝ።

መሰብሰቡ እንዳሁኑ ቀላል አልነበረም። በጥንት ዘመን የቦንጋ ንቦች አገራቸውን በጉድባ ከበው፣ በየበሩ ኬላ አቁመው ነበር የሚኖሩት፤ ታቶ የሚባለው ንጉሣቸው ሚክሬቾ ከተባሉ ሰባት አማካሪዎቹ ጋር ሆኖ ያስተዳድር ነበር። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር መጥቶ እስኪይዘው ድረስ ያ ጉድባ ብዙ ጠላት መልሷል። የተርጫ ንቦችም በበኩላቸው በንጉሥ ሃላላ ስም የሚጠራውን ረጅም የድንጋይ ካብ ክበዋል። ጉድባም ሆነ ካብ ለጌጥ አይሠራም። የዛሬው ጎረቤት የዚያን ጊዜ ከካቡ ወዲያ ማዶ ያለ ነው።

ውሃው እንኳን አንድ አይደለም። ጎጀብ ወርዶ ከኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ። የሸካ ወንዞች ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ባሮ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ዓባይ ይሄዳሉ። ከአንድ ደን የወጣ ውሃ ተሰነባብቶ አንዱ በረሃ ሌላው ሜዲትራኒያን ይደርሳል።

በመካከላቸው አንዲት አሮጊት ንብ ነበረች። (ሠራተኛ ንብ ከጥቂት ወራት በላይ አትኖርም፤ በተረት ግን ካረጀች በኋላ አትሞትም።) ሁሉም «እማማ» ይሏታል። ዱላዋን ተደግፋ ተነሣችና እንዲህ አለች፦

«ልጆቼ፥ ቦንጋና ማሻ በአንድ ቀፎ ነበራችሁ፤ ከፊቾ ሸኪቾ ትባሉ ነበር። ተጣልታችሁ ተለያያችሁ። ሚዛንና ማጂ ቤንች ማጂ ተብላችሁ አብራችሁ ኖራችሁ፤ እናንተም ትናንት ተለያያችሁ። ተርጫና አመያ ሰሜን ኦሞ በሚባለው ቀፎ ነበራችሁ፤ እሱም ፈረሰ። ሁላችሁም ከዚህ በፊት አንዴ ተፋታችኋል። አሁን ስድስታችሁ እንደገና እንጋባ ስትሉ ምን ተለወጠ ብላችሁ ነው?»

ዝም ተባለ። ከዚያ የተርጫዋ ንብ መለሰች።

«እማማ፥ ያኔ ሳንጠየቅ ነው። በሰሜን ኦሞ ዘመን የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ በአንድ ወፍጮ ፈጭተው ወጋጎዳ የሚባል አወጡ። የልጆች መጽሐፍም አሳተሙበት። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ላይ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው መጽሐፉ የተሰበሰበው። እኛ አብሮ መኖርን አልጠላንም፤ መፈጨትን ነው የጠላነው።»

«መልካም ብለሻል» አለች እማማ። «የማጂዋስ?»

«እኔ ከሁላችሁም ሩቅ ነኝ» አለች የማጂ ንብ። «ትልቁ ቀፎ ለእኔ ተረት ነው፤ አይቼው አላውቅም። አዲሱ ይቀርበኛል ካላችሁ ገባሁ። ካልቀረበኝ ለምን እገባለሁ?»

ይህን መልስ ማንም በቃለ ጉባኤ አልጻፈውም።

መስከረም ገብቶ ነበርና በቦንጋዎቹ የአለምጎኖ ረግረግ አንዲት ሽመላ አረፈች። ሽመላ ጊዜዋን ታውቃለች፤ ክረምት ሲያባርራት ከሰሜን ትመጣለች፤ በጋ ሲጠራት ትመለሳለች። ብዙ አገር ያየች ናትና ንቦቹ ምክር ሊጠይቋት ሄዱ። አያ የማር ወፍም ሳይጠሩት ተከተለ።

«እመት ሽመላ፥ አንቺ ባለሽበት አገር እንዲህ ያለ ነገር ታውቂያለሽ?»

ሽመላ አንድ እግሯን አነሣች። «እኔ የምፈለፍልባት አገር መቄዶንያ ትባላለች፤ ከባልካን አገሮች ወገን ናት፤ ትንሽ ናት። ከጎኗ ሃያ ሰባት መንጋ ያለበት አንድ ታላቅ ቀፎ አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት ይሉታል። መቄዶንያ መግባት ፈለገች። በእነሱ አቆጣጠር በ2005 'እጩ ነሽ' ተባለችና በራፍ ላይ ወንበር ተሰጣት።»

«ከዚያ ገባች?»

«ከዚያማ ጎረቤቷ ግሪክ 'መቄዶንያ የሚባል የራሴ አውራጃ አለኝ፤ ስሜን መልሺ' አለቻት። በዚያ ቀፎ ሃያ ሰባቱም እሺ ካላሉ በሩ አይከፈትም። እንግዲህ ምን ታድርግ? በ2018 በፕሬስፓ ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ተፈራረሙ፤ በዓመቱ ስሟን ለውጣ ሰሜን መቄዶንያ ሆነች።»

ንቦቹ ተነፈሱ። «እሰይ፤ ገባች!»

«ቆዩ እንጂ። ያኔ ፈረንሳይ 'አዲስ እንግዳ ከመቀበላችን በፊት የአቀባበል ደንባችን ይታደስ' አለች። ደንቡ ታደሰ። ቀጥላ ቡልጋሪያ ተነሣች፤ 'ቋንቋሽ የእኔ ቋንቋ ነው፤ ታሪክሽም ከታሪኬ የተቆረሰ ነው፤ ይህን ሳታምኚ አትገቢም' አለች። እኔ ክረምት ሊገባ ሲል ስነሣ አሁንም በራፉ ላይ ነበረች።»

«ስሟን እንኳ ሰጥታ?» አለች የአመያ ንብ፤ እሷ ከሁሉም ትንሿ ነበረች።

«ስሟን ሰጥታ።»

አያ የማር ወፍ ጣልቃ ገባ። «አያችሁ? እናንተ ዕድለኞች ናችሁ! የእናንተ ቀፎ ገና አልተሠራም፤ በረኛ የለው፤ ስም የሚቀማ ጎረቤት የለው። ስድስታችሁም የቤቱ ጌቶች ናችሁ!»

ሽመላ በረጅም አፏ ጭቃውን እየቆፈረች «እውነቱን ነው» አለች። «በረኛ የላችሁም። ገብታችሁ ስታበቁ ግን ከመካከላችሁ በረኛ የሚሆን አይጠፋም።» ደግሞ ጨመረች፦ «አንድ ሌላ ነገርም አለ። ያ ታላቅ ቀፎ ሦስት መቀመጫ አለው፤ ብራስልስ፣ ስትራስቡርግና ሉክሰምበርግ። የሸንጎው አባላት በወር አንዴ ሳጥናቸውን ሸክፈው ከብራስልስ ስትራስቡርግ ይሄዳሉ፤ ጥቂት ቀን ተቀምጠው ደግሞ ሸክፈው ይመለሳሉ።»

ንቦቹ እስኪያነቡ ሳቁ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሞኝነት ሰምተው አያውቁም ነበር።

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የድምፁ ቀን ሆነ። አስመራጯ እመት ጉሬዛ ነበረች። ከእሷ የተሻለ ሊገኝ አይችልም፤ ጥቁርና ነጭ ለብሳ የተወለደች ናትና ወደ አንዱ አደላች አትባልም። ድምፁ በሰኔው ምርጫ ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ ተራዘመ እንጂ አልቀረም። ንቦቹ ከንጋት ጀምረው ተሰለፉ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ከስድስቱም መንጋ ያልወጣ የለም ማለት ይቻላል፤ አዲሱን ቀፎ የደገፈውም እጅግ ብዙው ነው። ሽማግሌዎቹ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚባሉት፣ ውጤቱን ተቀብለው አጸደቁ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ቦንጋ ላይ ከበሮ ተመታ፣ ማር ጠጅ ሆነ፣ አዲሱ ቀፎ ተሰቀለ። ስሙ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተባለ። ከአገሩ ቀፎዎች ስንተኛ ነው ብለው ቢቆጥሩ 11ኛ ሆነ። ቁጥሩ ሠላሳ ዓመት ዞሮ እዚያው ቦንጋ መጣ፤ ባለቤቱ ግን አሁን አንዲት አልነበረችም።

ከበሮው ሳይቀዘቅዝ አንድ ጥያቄ ተነሣ። አውራዋ የት ትቀመጥ?

በተረቴ ውስጥ የቦንጋ ንብ «እኔ ዘንድ፤ ታቶ የተቀመጠበት ምድር ነው» አለች። የሚዛን ንብ «ገበያውም መንገዱም እኔ ዘንድ ይገናኛል» አለች። የተርጫ ንብ «እኔ ኦሞ ዳር ጥግ ላይ ነኝ፤ ሁሉን ወደዚያ ካደረጋችሁት እንደገና ልትርቁኝ ነው» ስትል የማሻ ንብ ደግሞ «ቴፒ ምን ሆነች?» ብላ ጠየቀች። ትንሿ የአመያ ንብ ምንም አላለችም። የማጂ ንብ ገና መንገድ ላይ ነበረች።

እውነተኛው ውይይት እንዲህ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ውጤቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ቀፎው አራት አፍ ኖረው። ቦንጋ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒም የየድርሻቸውን ይዘው የክልሉ መቀመጫ ከተሞች ሆኑ። በሽመላዋ ወሬ የሳቁት ሁሉ አሁን ፊታቸውን አዙረው ሳጥን መሸከፍ ጀመሩ።

እኔ በዚህ አልስቅም። አንድ ዋና ከተማ መኖሩ ርካሽ ነው፤ ፈጣንም ነው። ሆኖም ጉድባና ካብ ያሳለፉ፣ ተጋብተው የተፋቱ ጎረቤቶች «አንቺ ዘንድ ይሁን» ለመባባል የሚያስፈልጋቸው እምነት በአንድ ኅዳር አይገኝም። አራቱ አፍ የእምነቱ ዋጋ ነው። ዋጋውን ለምን ከፈላችሁ አልልም፤ ማን እየከፈለው ነው ብዬ ግን እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳላመሰግን አላልፍም። የጋራ መሥሪያ ቋንቋቸው የአንዳቸውም አልሆነም፤ አማርኛ ሆነ። እያንዳንዷ በየቤቷ በራሷ ዜማ ታዜማለች፤ ጉባኤ ላይ ሲገናኙ ሁሉም እኩል ይቸገራሉ። ወጋጎዳን ያየ ይህን ጥበብ አይንቅም።

አያ የማር ወፍስ? እሱ ከሁሉም በላይ ደስ ብሎታል። «አራት አፍ ላለው ቀፎ አራት የማር ወፍ ያስፈልጋል» አለና ወንድሞቹን አስመጣ። በየአፉ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ያዙ። ቅርንጫፍ ቢሮ ሆነ፤ ቢሮ ምክትል ወለደ፤ ምክትሉ አማካሪ፣ አማካሪው መኪና። ስለ ማሩ የሚጠይቅ ቢመጣ «ማሩ ሙሉ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልነካንም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሰሙ ግን እየሳሳ ሄደ። ማር ያለ ሰም የት ይቀመጣል? እንጀራው የተሠራው ከሰም ነው። የሚያሳዝነው የሰም መሳሳት ከውጭ አይታይም፤ በቀፎው ላይ ደግሞ በየጊዜው አዲስ ቀለም ይቀባል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ያ የሐይቁ ዳር ትልቅ ቀፎ ጭራሹን ፈረሰ። የቀሩት መንጋዎች ለሁለት ተከፍለው የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎችን ሠሩ። የደቡቦቹም አንድ አፍ አልበቃቸውም፤ ወላይታ ሶዶን፣ አርባ ምንጭን፣ ዲላን፣ ጂንካንና ሌሎችንም መቀመጫ አደረጉ። አያ የማር ወፍ ይህን ሲሰማ ክንፉን አራግፎ ተነሣ። «ወዴት ነው?» ሲሉት «ለልምድ ልውውጥ» አለ። አበሉን አስቀድሞ ወስዷል።

ሽመላ በየመስከረሙ መምጣቷን አላቋረጠችም። መጀመሪያ በመጣችበት ዓመት ማግስት «በእነሱ አቆጣጠር በ2022 ድርድሩ ተከፈተ ተባለ፤ ግን ሕገ መንግሥታችሁን ለውጡና ቡልጋሮችን በስም ጻፉ ተባሉ» ብላ ነገረቻቸው። በሌላ መስከረም ደግሞ «አልባንያ ከእሷ ጋር በአንድ ገመድ ተሳስራ ስትጠብቅ ነበር፤ ገመዱን ፈትተው አልባንያን አሳለፏት። የእኔይቱ ቀርታለች» አለች። ንቦቹ አዘኑላት። የራሳቸውን ነገር ግን ገብተን ጨርሰናል ብለው ስላሰቡ ብዙ አላስጨነቃቸውም።

አሁን ወደ ማጂ ንብ ልውሰዳችሁ፤ ተረቱን የጀመርኩት ለእሷ ስል ነው።

የማጂ ንብ የምትኖርበት ተራራ ጥግ ነው። ከእሷ ወዲያ ቆላው ወደ ደቡብ ሱዳን ይወርዳል፤ ከብት ዘራፊ ይመጣል፤ ድርቅም ይመጣል። አንድ ዓመት ክረምቱ መንገዷን ቆረጠው፤ ድልድይ አስፈለጋት። አቤቱታዋን በጫማዋ ሥር ሸጉጣ (ስድስት እግር ስላላት ቦታ አላጣችም) ተነሣች።

የዞኗ መቀመጫ ጀሙ ደረሰች። «ይህ ከዞን በላይ ነው፤ ሚዛን ሂጂ» አሏት።

ሚዛን ደረሰች። የሚዛኗ ንብ እህቷ ናት፤ ትናንት በአንድ ቀፎ የኖሩ። ጠጅ ቀዳችላትና «ወይ የእኔ እህት፥ ጉዳይሽ እኮ እዚህ አይታይም። ቦንጋ ነው» አለቻት።

ቦንጋ ደረሰች። አንዱ የማር ወፍ ከቅርንጫፉ ላይ ወረቀቱን ገልብጦ አየና «በጀት ይፈልጋል። በጀት የሚያጸድቀው ጉባኤው ነው፤ ተርጫ ይሰበሰባል» አላት።

ከቦንጋ ተርጫ በካርታ ላይ ቅርብ ነው፤ በክንፍ ግን ገደልና ሸለቆ ነው። ስትደርስ ጉባኤው ተበትኗል። በር ላይ የቆመችው ዘበኛ ንብ ቀና ሳትል «አባላቱ ወደየመጡበት ሄደዋል፤ ለሚቀጥለው ተመለሽ» አለቻት። ዘበኛዋ ጨካኝ አልነበረችም። እንዲያውም አንድ ጊዜ እሷ ራሷ ሐይቁ ዳር ሰኞ ተመለሽ ተብላ አልቅሳ የተመለሰች ናት። አሁን ግን በሩ የእሷ ሆኗል።

የማጂ ንብ ስትመለስ አለምጎኖ ላይ አረፈች። ሽመላ እዚያው ነበረች።

«እህሳ፥ ገባችሁ?» አለቻት።

«ገብተናል» አለች የማጂ ንብ። «የቦንጋዋ ገብታለች። የተርጫዋ ገብታለች። የሚዛኗም ገብታለች። እኔ እንደ መቄዶንያሽ ነኝ፤ ወንበር ተሰጥቶኝ በራፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ልዩነታችን እሷን ሃያ ሰባት ባዕድ ነው ያስጠበቃት፤ እኔን አምስት እህቶቼ ናቸው።»

ወሬው እማማ ጆሮ ደረሰ። እማማ በዚያው ቀረሮ ሥር ጉባኤ ጠራች። ሁሉም መጡ፤ የማጂ ንብ ደግሞ እንደ ልማዷ ዘገየች። እማማ እስክትመጣ ማንም አፉን እንዳይከፍት አዘዘች። ቀኑ መሸ። ነደዳቸው። የማር ወፎቹ «ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል እኮ» እያሉ አጉረመረሙ። በነጋታው ረፋዱ ላይ የማጂ ንብ ደረሰችና «ይቅርታ፤ መንገዱ ነው» አለች።

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም፤ ሲጠብቁ ያደሩ ናቸውና።

«እንዲህ እናድርግ» አለች እማማ። «አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ ከአንድ አፍ በላይ አይሂድ። የትኛውም አፍ የመጣውን ወረቀት ይቀበል፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ወረቀቱ ይሁን እንጂ ባለጉዳይዋ አትዙር። ሳጥን መሸከም ያለበት ደመወዝ የሚበላው ነው። ሁለተኛ፤ ጉባኤው በየዓመቱ አንዴ ማጂ ላይ ይቀመጥ። ሦስተኛ፤ ሰሙ ይመዘን።»

ሁለቱ ሐሳቦች በጭብጨባ አለፉ። ሦስተኛው ላይ አያ የማር ወፍ እጁን አወጣና «በመርህ ደረጃ እንስማማለን፤ ግን ጥናት ያስፈልገዋል» አለ። ጥናቱን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

በጭብጨባ ያለፉትም ቢሆኑ ሥራ ላይ ይዋሉ አይዋሉ ተረቱ ገና አልደረሰበትም። እኔ የምፈርደው እስከዚህ ባለው ነው። ስድስቱ መንጋዎች መውጣታቸው ትክክል ነበር፤ ሐይቁ በእውነት ሩቅ ነበር። በስምምነትና በድምፅ መግባታቸውም ትክክል ነበር፤ ስማቸውን የቀማቸው የለም፤ ቋንቋቸውንም የፈጨባቸው የለም። መቄዶንያ ይህን ብታገኝ በደስታ ታለቅስ ነበር። የቀረው ዕዳ ግን ለማጂ፣ ለጎረቤቷ ለሱርማ፣ ለኮንታ ጥግ የገቡት ቃል ነው። ያ ቃል የተገባው «አዲሱ ይቀርብሻል» ተብሎ ነው፤ ርቀቱን ከሐይቁ አንሥቶ ተርጫና ቦንጋ መካከል ማስቀመጥ ቃሉን መጠበቅ አይደለም።

ስለዚህ በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ ወንበር ላይ ያላችሁ፥ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው የዓመት ሪፖርታችሁ ስንት ሕንጻ ተመረቀ፣ ስንት ሥልጠና ተሰጠ ከማለታችሁ በፊት፣ ከማጂ የተነሣ አንድ ባለጉዳይ አንድ ጉዳይ ለመጨረስ ስንት ከተማ እንደረገጠና ስንት ሌሊት ከቤቱ ውጭ እንዳደረ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉልን።